"ምንም የለህም" አትበሉን

ወዳጆቼ፣ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ዛሬ ረጅም ነው የምጽፈው። ጊዜ የሌለው ማታ ይመለስበት። ተናድጃለሁ፤ ንዴቴ ከበረደ ደግሞ እንደ ልማዴ ዝም እላለሁ ብዬ ስለፈራሁ ነው አሁኑኑ የምጽፈው።

ባለፈው ሳምንት ፈተና ላይ አንዲት ተማሪ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ደረቷን ያዘች። ላብ አጠመቃት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ። "ቲቸር፣ ልሞት ነው" አለችኝ። ይዣት ወጣሁና ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ለቀቃት። ይህ ሲደርስባት ሦስተኛዋ ነው። ሆስፒታል ተወስዳ ተመርምራለች፤ ልቧም ደሟም ደህና ነው ተብሏል። (ልጅቷም እናቷም ፈቅደውልኝ ነው የምጽፈው፤ ስም አልጠራም፣ እናንተም ኮሜንት ላይ አትገምቱ።)

ከሰዓት በኋላ የመምህራን ማረፊያ ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። አንዱ "ስላላጠናች ነው" አለ። አንዷ "የዘንድሮ ልጆች ድራማ ይችሉበታል" አለች። በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ ከልቤ የማከብራቸው ጋሼ ደግሞ "ሐኪም ምንም የለብሽም ብሏታል አይደል? ታዲያ ምን ሁኚ ነው የምትለው?" አሉ። ባለሙያ ብታነጋግር ይሻላል ስል ክፍሉ ሳቀ። "ወሬ ደግሞ ምን ይፈውሳል?"

እዚያው መመለስ ነበረብኝ። አልመለስኩም። እዚህ ልመልስ።

መጀመሪያ የራሴን ልንገራችሁ። ከአራት ዓመት በፊት ከሥራ ወደ ቤት ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ፣ መሐል ወንበር ላይ፣ ሁለት ሰው መሐል ተጣብቄ ተቀምጫለሁ። ምንም አላሰብኩም። ድንገት ልቤ ድው ድው ማለት ጀመረ። ትንፋሽ አጠረኝ፣ ጣቶቼና ከንፈሬ ደነዘዙ፣ የሰው ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ መሰለኝ። በቃ፣ እዚሁ ልሞት ነው አልኩ። ሰፈሬ ሳይደርስ "ወራጅ አለ!" ብዬ ጮህኩና ወርጄ መንገድ ዳር ዘጭ አልኩ። ቆሎ የምትሸጥ ሴት ናት ውኃ ያጠጣችኝ።

ሆስፒታል ሄድኩ። ግፊት ተለካሁ፣ ደም ሰጠሁ፣ ኢሲጂ ተነሳሁ። ዶክተሩ ደክሞታል፤ ከበስተኋላዬ የተሰለፈው ሰው ብዛት ይታየኛል። ወረቀቱን እያየ "ምንም የለህም" አለኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ደስታዬ ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ሌሊት መጣብኝ።

በስምንት ወር ውስጥ አራት ጊዜ ኢሲጂ ተነሣሁ። አራቱም ጊዜ ያው መልስ ነው። የግፊት መለኪያ ገዝቼ በቀን አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ እለካ ነበር። እያስተማርኩ አንድ እጄ አንገቴ ላይ ነው፣ የልብ ምቴን ልቆጥር። ሚኒባስ ትቼ ሃምሳ ደቂቃ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ውኃ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም። ክፍል ውስጥ በሩ አጠገብ ነበር የምቆመው፤ አንዳንዶቻችሁ ታስታውሱ ይሆናል። ባለቤቴ "ጨጓራ ይሆናል" አለች። እናቴ "ዓይን ነው ልጄ" አለች። እኔ ግን ልቤን ማመን አቆምኩ።

የሚያስቀው ምን መሰላችሁ? እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። አድሬናሊን ምን እንደሚያደርግ ለስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። በራሴ ደም ውስጥ ሲሮጥ ግን አላወቅኩትም።

አሁን ወደ ጋሼ ጥያቄ እንምጣ። "ምንም ከሌለባት ምንድን ነው?"

ማታ ስትመለሱ ጅብ ፊት ለፊት ቢገጥማችሁ ሰውነታችሁ ምን ያደርጋል? ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ሁለቱ ትናንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል። ደም ወደ እግርና ወደ ክንድ ጡንቻ ይላካል። ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ላብ ይመጣል፣ ሆድ ሥራውን ያቆማል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ሮጣችሁ እንድታመልጡ የተሰጣችሁ ነው።

ፓኒክ ማለት ይኸው ሁሉ ጅቡ ሳይኖር ሲመጣ ነው። አእምሮ ደግሞ ያለ ምክንያት መፍራት አይወድም፤ ጅቡን ይፈልጋል። ዙሪያውን ቢያይ ሚኒባስና ረዳት እንጂ ጅብ የለም። ከዚያ ወደ ውስጥ ይዞርና "አሃ! ጅቡማ ልብህ ውስጥ ነው" ይላል። ልቤ ሊቆም ነው፣ ልወድቅ ነው፣ ላብድ ነው። ይህ ሐሳብ ራሱ ያስፈራል። ፍርሃቱ አድሬናሊን ይጨምራል። ልብ የበለጠ ይመታል። ትንፋሽ ከሚገባው በላይ ሲፈጥን ደግሞ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ያዞራል፣ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል። "ይኸው! ስትሮክ ነው!" እንላለን። ክቡ እንዲህ ይዞራል።

እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1986 የጻፈው ይህንኑ ነው፦ ፓኒክን የሚያቀጣጥለው የሰውነት ስሜቱ ብቻ አይደለም፣ ለስሜቱ የምንሰጠው አስፈሪ ትርጉም ነው። አባቶቻችን በአጭሩ ብለውታል፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ። የእኛ ልጥ የገዛ ልባችን ምት ሆነና ነው።

ስለዚህ ጋሼ፣ "ምንም" አይደለም። ስም ያለው፣ አሠራሩ የታወቀ ነገር ነው። አንድ ጊዜ የደረሰበት ሁሉ በሽተኛ ነው አልልም፤ ብዙ ሰው በሕይወቱ አንድ ሁለቴ ይደርስበትና ያልፋል። ሕመም የሚሆነው ድንገት እየተመላለሰ ሲመጣና ሰውዬው ለወር ከዚያም በላይ "መቼ ይመጣብኝ ይሆን?" እያለ ሲኖር፣ ኑሮውን ለፍርሃቱ ብሎ ሲቀይር ነው። እኔ ሚኒባስ እንደተውኩት።

የዘመኑ ልጆች ድራማ ነው ለምትሉም መልስ አለኝ። ዳኮስታ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1871 በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ስለተዋጉ ወታደሮች ጻፈ። ልባቸው ይመታል፣ ደረታቸውን ይወጋቸዋል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ሲመረመሩ ግን ለዚህ ሁሉ የሚበቃ የልብ በሽታ አይገኝባቸውም። እነዚያ ወታደሮች ቲክቶክ አልነበራቸውም።

እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ የሚያናድደኝ ነገር አለ። "ሰውነትህን አዳምጥ" የሚሉን አሉ። እኔ እኮ ከሰው ሁሉ በላይ ሳዳምጥ ነበር! አንድ ምት ዝለል ስትል እሰማታለሁ። ደረጃ ወጥቼ ልቤ ሲፈጥን እሰማለሁ። ቡና ጠጥቼ እጄ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። በኋላ ነው የገባኝ፣ ያ ማዳመጥ አልነበረም፣ ስለላ ነበር። ሰላይ የሚሰማውን ሁሉ የሚሰበስበው ለክስ ነው። ሰውነቴን እንደ ተጠርጣሪ ስከታተለው ነበር እንጂ አላውቀውም ነበር።

"ረጅም ትንፋሽ ውሰድ፣ ደጋግመህ ሳብ" የሚሉትም አሉ። ቀድሞውንም ከልክ በላይ እየተነፈሰ ያለን ሰው በኃይል ደጋግሞ እንዲስብ ማድረግ ማዞሩን ይጨምርበታል። ከተባለስ ቀስ ብሎ ማውጣት ነው የሚሻለው። የወረቀት ከረጢት ውስጥ ተንፍስ የሚባለውን ደግሞ ተዉት፤ ሰውዬው ያለበት የእውነት የልብ ወይም የአስም ችግር ከሆነ አደገኛ ነው።

እንዴት ተሻለኝ? በወሬ! አዎ፣ በወሬ።

አራተኛው ኢሲጂ ላይ አንዲት ወጣት ሐኪም አገኘሁ። ውጤቱን አይታ እንደሌሎቹ አልሸኘችኝም። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነገረችኝ። "ልብህ ጤነኛ ነው። የተሰማህ ነገር ግን እውነት ነው፣ ስሙም ፓኒክ ይባላል። የሚታከም ነው፣ ወደዚህ ሂድ።" እግዜር ይስጣት፤ ከአንድ ደቂቃ አልፈጀባትም።

የላከችኝ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። እኔም እንደ እናንተ ቁጭ ብለን ስለ ልጅነቴ እናወራ ይሆናል፣ "አይዞህ" ብላ ትመልሰኛለች ብዬ ነበር። አልሆነም። የመጀመሪያ ጥያቄዋ "መምህር፣ ሚኒባሱ ውስጥ በትክክል ምን ይሆናል ብለው ነበር የፈሩት?" የሚል ነበር። "እወድቃለሁ" አልኳት። "ስንት ጊዜ ወደቁ?" አንድም ጊዜ። "ለምን ይመስልዎታል?" ውኃ ስለያዝኩ፣ ስለወረድኩ፣ ስለተቀመጥኩ አልኳት። ጻፈችው። ከዚያ ሰው ራሱን የሚስተው ብዙ ጊዜ ግፊቱ ሲወርድ እንደሆነ፣ በፓኒክ ጊዜ ግን ግፊት ከፍ እንደሚል ነገረችኝ። እኔው ለተማሪ የማስተምረውን መልሳ አስተማረችኝ ማለት ነው።

በሌላ ቀን የሚሽከረከር ወንበር ላይ አስቀምጣ አዞረችኝ። በሌላ ቀን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቶሎ ቶሎ እንድተነፍስ አደረገችኝ። በስትሮ ብቻ አስተነፈሰችኝ። ደረጃ በሩጫ አስወጣችኝ። ከመጀመራችን በፊት "ከመቶ ስንት ያህል እወድቃለሁ ብለው ያምናሉ?" ትለኛለች። "ዘጠና።" እናደርገዋለን። ያዞረኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ ያ የሚኒባሱ ስሜት ራሱ ይመጣል። አልወድቅም። ጣሪያ ይነካና ይወርዳል። "አሁንስ ስንት?" ስልሳ። በሚቀጥለው ሳምንት አርባ። ሰውነቴን እንደ ገና የተዋወቅኩት እንደዚህ ነው። ስሜቶቹን እያወቅን፣ በገዛ እጃችን እየጠራናቸው፣ ሲመጡም ሲሄዱም እያየን። ይህን ብቻዬን ቤቴ አልሞከርኩትም፤ የልብ ወይም የአስም ችግር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይሞክረው።

ከዚያ የቤት ሥራ መጣ። መጀመሪያ የግፊት መለኪያውን ለባለቤቴ አስረከብኩ። ቀጥሎ ውኃ ሳልይዝ መውጣት። ቀጥሎ ሚኒባስ፣ በሩ አጠገብ። በመጨረሻ መሐል ወንበር። አሥራ ሁለት ክፍለ ጊዜ ነው የፈጀብኝ። እኛ አንድ ምዕራፍ ለመጨረስ ከዚያ በላይ እንወስድ የለ?

አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣል። "መጣህ?" እለዋለሁ። ቁጭ ብሎ ይሄዳል።

እና ባልደረቦቼ፣ "ወሬ ምን ይፈውሳል?" ስትሉ ትንሽ አታፍሩም? እኛ መምህራን ነን! ደሞዝ የምንበላው በንግግር ነው። በጠመኔና በአንደበት የሰው ሐሳብ ይቀየራል ብለን ካላመንን ጠዋት ጠዋት ክፍል የምንገባው ለምንድን ነው?

ደግሞም የእኔ ታሪክ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ዴቪድ ባርሎውና ባልደረቦቹ 312 የፓኒክ ሕመምተኞችን አሳትፈው እ.ኤ.አ. በ2000 ጥናት አሳትመዋል። ይህ ዓይነቱ የንግግር ሕክምናም፣ ኢሚፕራሚን የሚባለው መድኃኒትም ከባዶ ክኒን በልጠዋል። ሕክምናው ካቆመ በኋላ ግን መድኃኒት ሳይጨመርበት በንግግር ብቻ የታከሙት ናቸው የተሻለ የዘለቁት። የተማሩት ነገር አብሯቸው ሄደ። ይህን ስላልኩ መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ክኒናችሁን እንዳትጥሉ! መድኃኒቱም ይሠራል፤ የሚቀነሰውም የሚቆመውም በሐኪም ነው።

"ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛ ቡና አለን፣ ጎረቤት አለን" የሚለኝም አለ። ቡናውን እኔም እወደዋለሁ (ለፓኒክ ሰው ካፌይን እንደማይመች ግን ልብ በሉ፤ ለፈተና ብላችሁ ጫትና ኢነርጂ ድሪንክ የምታበዙ ልጆችም ስሙ)። ነገር ግን ቡና ላይ የምንሰጠው ምክር ሁለት ነው፦ "አይዞህ" እና "ሆድ ይፍጀው"። "አይዞህ" ደስ ይላል፤ ግን እንደ ኢሲጂው ሁለት ቀን ነው የሚቆየው። በሦስተኛው ቀን ሌላ "አይዞህ" ፍለጋ እንወጣለን። ባለቤቴን በሌሊት ስንት ጊዜ ቀስቅሼ "አልሞትም አይደል?" እንዳልኳት እሷ ትንገራችሁ። "ሆድ ይፍጀው" ደግሞ ሆዱን ራሱን ነው የሚፈጀው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉት እነዚያው አባቶች አይደሉም እንዴ?

የፈረንጅ ነው ላላችሁም ዚምባብዌን ልጥቀስላችሁ። ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአገሩ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ ሥራ ጀመረ። ሐኪሙ ጥቂት ነው፣ የተጨነቀው ብዙ ነው። ምን አደረገ? አያቶችን አሠለጠነ። በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰው እንዲያነጋግሩ። ለተጨነቀና ለከፋው ሰው የተሰናዳ እንጂ ለፓኒክ ብቻ የተሠራ አይደለም። ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጥናት 573 ሰዎችን ተከታትሎ፣ ከአያቶቹ ጋር የተነጋገሩት ከስድስት ወር በኋላ በግልጽ እንደተሻላቸው አሳይቷል። አያቶች ናቸው! የኛዎቹ አያቶች ከእነሱ ያንሳሉ? የጎደለን ሥልጠናው ነው። ሥልጠና የሌለው ወሬና ሥልጠና ያለው ንግግር አንድ አይደሉም፤ ቢላዋና የቀዶ ሕክምና ምላጭ ሁለቱም እንደሚቆርጡ ግን አንድ እንዳልሆኑ ሁሉ።

ስለ እምነት አንድ ነገር ልበል፣ እንዳትሳሳቱኝ። እናቴ ጠበል ወስዳኛለች፤ ሄጃለሁ፣ ሰላምም አግኝቻለሁ። ሙስሊም ወንድሜም ዱዓ አድርጎልኛል። ማንንም ጸሎት ተው አልልም። የምቃወመው አንድ ቃል ነው፦ "እምነትህ ስለጎደለ ነው"። እግሩ ለተሰበረ ሰው የማትሉትን ትንፋሽ ላጠረው ሰው አትበሉት።

አሁን ከሁሉ የከበደኝን ልጻፍ። በማረፊያ ክፍሉ ዝም ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት ያስተማርኩህ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ ራስህን ታውቃለህ። ሰሌዳ ጋ ወጥተህ እንድታስረዳ ጠራሁህ። ቆምክ፣ ላብህ መጣ፣ "ቲቸር፣ ትንፋሼ..." አልክ። እኔ "ወንድ አይደለህም እንዴ? ድራማህን ተውና ሥራ" አልኩህ። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ በእኔ ክፍለ ጊዜ ትቀር ጀመር፣ እኔም ለዩኒት ሊደሩ "ሰነፍ ነው" ብዬ አስመዘገብኩህ። በሁለተኛው ሴሚስተር አላየሁህም። ምን እንደነበረብህ በርግጠኝነት አላውቅም። ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅኩም። ይቅርታ አድርግልኝ። በዚያ ሳቅ ውስጥ የመጀመሪያው ድምፅ የእኔ ነበር።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው።

ሐኪሞቻችን፦ ድካማችሁን አውቃለሁ፣ ወረፋውንም አይቻለሁ። ደረቱን ያመመውን ሰው መጀመሪያ በደንብ መርምሩት፤ ልብም ታይሮይድም ደም ማነስም ሊሆን ይችላል። ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ግን "ምንም የለህም" የሚለውን ተዉልንና እነዚያን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ስጡን።

ትምህርት ቤቶች፦ በየግቢያችን በሩ ላይ "የምክር አገልግሎት" የሚል የተጻፈበት ክፍል አለ። የእኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለው የተሰበረ ዴስክ ነው የሞላበት። ሳይኮሎጂ ተመርቃ የተቀጠረችው ልጅ ደግሞ ያረፈደ ተማሪ ስትመዘግብ ነው የምትውለው። ዴስኩን እኛ እናወጣለን፤ ቅዳሜ በነፃ እመጣለሁ። ልጅቷን ወደ ሙያዋ መልሷት።

መምህራን፦ ተማሪ ሲይዘው አትክበቡት፣ አትሳቁበት፣ ፊቱ ላይ ውኃ አትርጩ። የመጀመሪያው ከሆነ ወይም ከተጠራጠራችሁ ወደ ሕክምና ውሰዱት። ታይቶ የታወቀ ከሆነ ግን አጠገቡ ተቀመጡ፣ "ያልፋል፣ እዚህ ነኝ" በሉት፣ ሲያልፍለትም ወደ ክፍሉ ይመለስ።

ወላጆች፦ የልጅቷ እናት "ዘንድሮ ቤት ትረፍ" ብላኝ ነበር። እንደ እናት ገብቶኛል። ግን ይህ ሕመም የሚበላው መሸሽን ነው። ዛሬ ፈተና፣ ነገ ትምህርት ቤት፣ ከነገ ወዲያ ከቤት መውጣት። እኔ ከሚኒባስ ስሸሽ ስምንት ወር ነው የቀለብኩት።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ዲፕሎማ ያለኝ መምህር ነኝ። ኢንቦክስ ብትጽፉልኝ አነባለሁ፣ ግን ወደ ባለሙያ ነው የምልካችሁ።

ልጅቷ ያን ቀን ከደረጃው ተነሥታ ተመልሳ ፈተናዋን ጨርሳለች፤ ስንት እንዳመጣች አልነግራችሁም። ሰኞ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ቀጠሮ አላት። ከእናቷ ጋር ሆነን እናደርሳታለን። በሚኒባስ ነው የምንሄደው። መሐል ወንበር ላይ እኔ እቀመጣለሁ።

ቸር እንሰንብት።